አሥራ ሁለተኛው ምሰሶ

«ያቺን አንዷን እንለፋት። እማዬ እንደሆነች ከዚህ በኋላ ስንት ጊዜ ልትኖርባት ነው?»

ይህን ያለው ወንድሜ ነው። እኔ ደረጃው ሥር ተቀምጬ የቃጫ ጨርቅ በኖራ ውሃ እነክር ነበር። እሱና መሐንዲሱ ከበላዬ፣ የደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆመዋል። ከታች እንዳለሁ አላወቁም፤ ወይም አውቀው ከባልዲው ለይተው አላዩኝም። መሐንዲሱ ጥቂት አሰብ አደረገና፣ ባለቤቱ እስከፈረመ ድረስ ችግር የለውም፣ ወረቀቱ ላይ «ከኋላዋ ክፍል በቀር» ብለን እንጽፋለን አለ። ወንድሜ እፈርማለሁ አለ። ከዚያ ወሬያቸው ወደ መኪና ማቆሚያ ዞረ። እኔም ጨርቁን ገልብጬ ሌላውን ጎኑን ነከርኩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እናቴ ከግድግዳው ወዲያ፣ አሥር እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ሬዲዮዋን ከፍታ የአየር ትንበያ ትሰማ ነበር። ልቆጣ ይገባኝ ነበር። ቁጣው እስኪመጣ ጠበቅኩት፤ አልመጣም። እጄ ውሃ ውስጥ ነበር፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፣ የተሰማኝ እሱ ብቻ ነው።

ሥራዬ ምሰሶ መጠቅለል ነው። ለማያውቅ ሰው እንዲህ ስል ይስቃል። ባለፉት ሁለት ወራት መሬት ሦስት ጊዜ ተንቀጥቅጣለች። ሦስቱም ጊዜ ከብርጭቆና ከአንድ ሁለት አጥር በቀር የወደቀ ነገር የለም፤ ሰው ግን ጫማውን አልጋው ሥር መተዉን ትቶ በሩ ጋ አዘጋጅቶ መተኛት ጀመረ። ማዘጋጃ ቤቱም ለቆዩ የአርማታ ቤቶች ባለቤቶች ደብዳቤ በተነ፤ ወይ አጠናክሩ ወይ አፍርሱ የሚል። ማፍረስ ለአፍ ይቀላል። መሐንዲሱ በየቤቱ እየዞረ የሚደግማት ንግግር አለችው፣ እኔ አሁን በቃሌ ይዣታለሁ። የፈረሰ ቤት ፍርስራሹ የሚደፋበት ቦታ የለም፤ አዲስ ሲሚንቶ ለማምረት የሚነደው እሳት ሰማዩን ያጠቁራል፤ የቆመን ነገር መደገፍ ጥሎ ከማንሳት ይረክሳል፤ ቃጫ ደግሞ ተቆርጦ እንደገና የሚበቅል ነው። ንግግሯ ስታልቅ ባለቤቶቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ጨርቅ እንዴት አድርጎ ቤት ይይዛል? ይይዛል። ልስኑን እንልጣለን፣ ጨርቁን እንዳይቆርጠው የምሰሶውን ሹል ማዕዘን እናዶለዱማለን፣ የኖራ ቡኬት እንቀባለን፣ ቃጫውን ከወለል እስከ ጣሪያ አጥብቀን እንጠመጥማለን፤ ከዚያ እንደገና እንቀባለን፣ እንደገና እንጠመጥማለን። ጨርቁ ሸክም አይሸከምም። መሬት ስትናወጥ አርማታው ሊፈነዳ ሲል ወገቡን ይይዝለታል፣ ሥራው ይኸው ነው። ዋናው ነገር አራቱም ጎን መጠቅለሉ ነው። ሦስት ጎኑ የተጠቀለለ ምሰሶ ያልተጠቀለለ ምሰሶ ነው።

የቤተሰቤን ቤት የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ወንድሜ መሐንዲሱን ቀጠረ፣ መሐንዲሱ እኛን ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ቀን በሩን ሲከፍት ቱታ ለብሼ ባልዲ አንጠልጥዬ አየኝና፣ እንደ እህት ልሳማት ወይስ እንደ ሠራተኛ ላሳልፋት ብሎ ተቸግሮ ቆመ። እኔው ገላገልኩት። «ማሙሽ፣ ውሃ ከየት ነው የምንቀዳው?» አልኩት። ማሙሽ አርባ ዓመት ሞልቶታል። ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፣ አንደኛ ፎቅ ይኖራል፣ ምድር ቤቱ ላይ መንገዱን ያየ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው። ፎቶ ኮፒም ያነሳል። ከወረቀት ሌላ ከባድ ነገር ነክቶ ስለማያውቅ እጁን ስትጨብጡት ሴት የጨበጣችሁ ይመስላችኋል፤ የኔን ስትጨብጡ ደግሞ ወንድ። ብቻችንን ስንሆን እትዬ ይለኛል፤ ሰው ፊት ምንም አይለኝም። ሁለት ሳምንት ሠራን። የፎቁን ጠቅልለን፣ ከምድር ቤቱ አሥራ ሁለት ምሰሶም አሥራ አንዱን ጨርሰን አንድ ቀረን። እሱ ያለው እናቴ ክፍል ውስጥ ነው።

አብሮኝ የሚሠራው ሻምበል የሚባል ሰውዬ ነው። ወታደር ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ትእዛዝ ስለሚወድ የወጣለት ስም ነው። ደረጃው ላይ የሰማሁትን ስነግረው አካፋውን አቁሞ፣ የናትሽን ክፍል ነው የሚሉት ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ታዲያ ትእዛዝ ከሆነ ምን እናደርጋለን ብሎ መልሶ ኖራውን ማቡካት ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ግን፣ አሁንም ቀና ሳይል፣ እኔ ብሆን አላልፋትም ነበር አለ።

ስለ ክፍሏ መናገር አለብኝ። ከዋናው ቤት ጀርባ የተቀጠለች ናት። ላይዋ ላይ ፎቅ የለም፤ ጠፍጣፋ የአርማታ ጣሪያ አላት፣ እሱ ላይ የቤቱ ሁሉ የውሃ ታንከር ተቀምጧል። ሦስቱ ማዕዘኖቿ በዋናው ቤትና በኋላው ግንብ ላይ አርፈዋል፤ አራተኛውን የያዘው ያ አንድ ምሰሶ ነው። ስለዚህ መሐንዲሱ አልዋሸም፤ እሷ ብትወድቅ ዋናው ቤት አይወድቅም። የምትወድቀው እናቴ ላይ ብቻ ነው። የሠራት አባቴ ነው። አባቴ ስመ ጥር ፎርማን ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሽማግሌ ግንበኞች የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲሰሙ ወንበር ይለቁልኛል። ክፍሏን ሲጀምራት ለኔ ብሎ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነው፤ መሠረቷ ሲቆፈር አልጋዬ የሚቆምበትን ቦታ በጣቱ አሳይቶኛል። ስታልቅ ግን እሱና እናቴ ገቡባት። ሰፊው መኝታ ቤታቸው ለልብስ ሰፊ ተከራየ። ለኔ ሳሎን ውስጥ መሬት ላይ ፍራሽ ተዘረጋልኝ፤ ይባስ ብሎ ያኔ ገና የተወለደው ማሙሽ ከኔ ጋር እንዲተኛ ተደረገ። ሲያለቅስ እናቴ እየመጣች ታጠባውና አስተኝታው ትመለሳለች። የአራስ ልጅ እናት ልጇን ለሰባት ዓመት ሕፃን ትታ ከባሏ ጋር በር ዘግታ ስትተኛ ሰፈሩ ምን እንዳለ መገመት አያቅትም። ባሏን ትወዳለች እያሉ ይስቁ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ማሙሽ ሲታመም በትንሽ ሆዴ ላይ አስተኝቼ ያሳደርኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሞቶ ማሙሽ ፎቅ ላይ ትዳር ከያዘ በኋላም ፀሐይ የሚገባው ክፍል ይሰጥሽ ቢሏት አሻፈረኝ አለች። ስንቱ ለመናት፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። እኔም አድጌ ከቤት ስወጣ ይህን በሆዴ ይዤ ወጣሁ። ዛሬ ሌላ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ፣ የራሴ በር አለኝ፣ ሁለት ጊዜ እቆልፈዋለሁ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ገባሁባት። ክፍሏ የኖረ እርጥበት ይሸታል። አንድ አልጋ፣ ዙሪያዋን በፕላስተር የታሰረች ሬዲዮ፣ መድኃኒት የሞላበት የብስኩት ቆርቆሮ፣ ፎጣ የተሰጣበት የፕላስቲክ ወንበር፣ ወሩ ካለፈ ቆይቶም ያልተገለበጠ የቀን መቁጠሪያ። ከሁሉም የሚገዝፈው ቁምሳጥኑ ነው። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆና የተበጠሰ ቁልፍ ትተክል ነበር። እግሮቿ ካበጡ ዓመት አልፏቸዋል፤ ግድግዳ ይዛ መጸዳጃ ቤት ድረስ ትሄዳለች፣ ከዚያ በላይ ሰው ካልደገፋት አይሆንላትም። ቲማቲም ስንት ገባ ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዋጋውን ለራሷ ደገመችውና ጭንቅላቷን ነቀነቀች። የኔና የእሷ ወሬ ሁልጊዜ ቲማቲም ነው፤ ወይም ጉልበቷ፣ ወይም ያገባ ወይ የሞተ ሰው። ሌላውን ነገር ሁለታችንም ሆድ ይፍጀው ብለን ትተነዋል። ምሰሶው ከቁምሳጥኑ ኋላ ነው። ቁምሳጥኑ ከቦታው ተነስቶ እንደማያውቅ እግሮቹ ወለሉን መቦርቦራቸው ያስታውቃል።

«እማ፣ ቁምሳጥኑን ዛሬ እናንሳው። አራት ቀን ብቻ ነው፣ አንቺ ማሙሽ ጋ ትወጫለሽ» አልኳት።

«ተዪው።»

«እሱ ብቻ ነው የቀረን እኮ።»

«ለማሙሽም ነግሬዋለሁ። የቆመ ነገር ነው፣ ምን አደረጋችሁ?»

ጠዋት የሰማሁት ነገር ግማሹ የእሷ ትእዛዝ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ግማሹ ግን የራሱ ነው። ስንት ጊዜ ልትኖርባት ነው በልልኝ አላለችውም። ለምን እንደማትፈልግ ጠየቅኳት፤ እግሬ አለችኝ። ማሙሽ ይሸከምሻል አልኳት፤ ወገቡን ያመዋል አለችኝ። አቧራው እንዳይነካሽ በላስቲክ እንጋርዳለን ስላት ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቁርስ በልተሻል ወይ አለችኝ። በልቻለሁ ብዬ ወጣሁ። አልበላሁም ነበር።

ምሳ ወንድሜ ቤት ነው የምበላው፤ ሻምበል ግን ምሳውን ይዞ ስለሚመጣ ከታች ይቀራል። የወንድሜ ሚስት ሩዝና ድንች አቀረበች። ሳሎናቸው መሐል ያለው ምሰሶ በዚያ ሳምንት የተጠቀለለ ስለሆነ ገና ግራጫ ነው፤ ካፖርት የለበሰ ዘበኛ ይመስላል ብላ ትስቅበታለች፤ ቀለሙን ምን ዓይነት ላድርገው እያለች እኔን ታማክራለች። ዘይት በእጥፍ መጨመሩን ነገረችን። የትልቁ ልጅ ጫማ ሦስት ወር ሳይሞላው አፉን መክፈቱን ነገረችን። ማሙሽ ሹካውን ይዞ ስልኩን ያያል። ስለ ኋላዋ ክፍል ማንም አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም ሩዙን ጨረስኩ። በመጨረሻ ላይ ሚስቱ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ስምንት ሰዓት ላይ እማማን አጥባቸዋለሁ፣ ውሃውን እንዳትዘጉብኝ እትዬ አለችኝ። በየሳምንቱ የምታጥባት እሷ ናት። እኔ እናቴን አጥቤያት አላውቅም። በዚህ አፍራለሁ፣ ግን ዓመት ሙሉ እያፈርኩም አላጠብኳትም።

ስምንት ሰዓት ላይ እናቴ በምራቷ ተደግፋ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። የውሃው ድምፅ እስኪሰማ ጠብቄ ሻምበልን ና አልኩት። አልጠየቀኝም። ቁምሳጥኑን ከነልብሱ ከግድግዳው ክንድ ያህል አራቅነው። ልጠቀልለው አልነበረም ሐሳቤ፤ በመዶሻ ላዳምጠው ብቻ ነበር። ደህና አርማታ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተጎዳ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። ከእግሩ ጀምሬ ወደ ላይ እየመታሁ ወጣሁ። ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ደህና ነው። ወገቤ ከፍታ ላይ ስደርስ ድምፁ ሞተ። ሻምበልም ሰምቶታል፤ አየኝ። መሮ ተቀበልኩትና የመዳፌን ያህል ልስን አነሳሁ። ከሥሩ ምሰሶውን አግድም የቆረጠ መስመር ወጣ። ከመስመሩ በታች አርማታው ለስላሳ ነው፤ ከበላዩ ጠጠሩ ሲሚንቶ ሳይጠጣ ተራቁቶ ቀርቷል። ሚስማር ብሰድበት እስከ ራሱ ገባ። መልሼ ስስበው አቧራና የደረቀ ቅጠል ይዞ ወጣ።

ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ያውቀዋል። ምሰሶ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚሞላው። ግማሹን ዛሬ ሞልተህ ካደርክ የዛሬው ይደርቃል፣ ነፋስ ቅጠልና አቧራ ያመጣበታል፣ የነገው ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይያያዘውም። ማደሩ ግድ ከሆነም የደረቀውን ፊት መጫር፣ ማጠብ፣ የሲሚንቶ ውሃ ማጠጣት፣ ከዚያ መሙላት ነው። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ሥራ ቦታው ይዞኝ እየሄደ፣ ያልታጠበ አርማታ ላይ አርማታ የሚሞላ ሰው ሌባ ነው ይለኝ ነበር። ሚስማሩን ይዤ ቆምኩ። መሐንዲሱን ጥራው አልኩት ሻምበልን።

መሐንዲሱ መጥቶ በባትሪ አየ፣ ጣቱን ሰደደ። ከሱቁ የተጠራው ማሙሽም መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ምን እንደሚያይ አልገባውም። መሐንዲሱ ይህ በጨርቅ የሚያዝ ነገር አይደለም፣ ጣሪያው በፑንቴሎ፣ በብረት ድጋፍ፣ ተይዞ፣ ታንከሩ ባዶ ተደርጎ፣ መሐሉ ተቆርጦ ወጥቶ እንደገና መሞላት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠቀለለው፤ ክፍሏ እስከ አንድ ወር ሰው አይገባባትም አለ። አሁን ያለውን መንቀጥቀጥ ይችል እንደሆነ ማሙሽ ጠየቀው። ሦስቱን እንዴት እንደቻለ ራሱ አልገባኝም አለ መሐንዲሱ። ይህን ሲል እናቴ ፎጣ ጠምጥማ፣ በምራቷ ላይ ተደግፋ፣ ከማሙሽ ኋላ ቆማ ነበር።

አልጮኸችም። አስቀምጪኝ አለቻት ምራቷን፤ ፎጣ የተሰጣበት ወንበር ከክፍሉ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠላት። ዓይኗን ከመስመሩ ላይ ሳታነሳ ነገረችን። ምሰሶው የሚሞላ ቀን የቀን ሠራተኞቹ ቀርተው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። አባቴ መሰላል ላይ፣ እሷ ከታች፤ እያቦካች፣ በሳፋ እያቀበለች። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ምጥ ያዛት። ሁለት ሳምንት ቀድሞ ነው የመጣው አለች ወደ ማሙሽ ሳታይ፣ የእሱን ጥፋት የምታቃልልለት ይመስል። አባቴ ሥራውን ጥሎ ጤና ጣቢያ ወሰዳት፣ እዚያው አደረ። አርማታው የሚሞላበት ጣውላ ከመሥሪያ ቤቱ የተዋሰው ነው፤ በሦስተኛው ቀን መመለስ ነበረበት። ንጋት ላይ እንቅልፍ ባልጠገበ ዓይኑ መጥቶ ሳይጭረው ሳያጥበው ሞላው። ጣውላው ሲነሳ ሁለቱም አዩት። በዚያው ምሽት ለሰነው። ፎርማን የራሱን ቤት አበላሸ ከሚባል ሞቱን ይመርጥ ነበር አለች። ከዓመት አፈርሰዋለሁ ይላል፤ ከዓመት ሌላ ወጪ ይመጣል፤ ኋላ ላይ ስሙ በጣም ገነነ፣ ጭራሽ አልቻለም።

«እስከዚያ ልጆቹ ይግቡበት አለ። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ባዶ ብንተወው ሰው ለምን ይለናል፤ እኛው እንተኛበት አልኩት። ሕፃኑንም እዚያ አላስገባሁም።» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ አየች። «ከእናንተ አንዳችሁም አንድ ሌሊት አላደራችሁባትም።»

አለቀስኩ ማለት ብችል ደስ ይለኝ ነበር። ባልዲ ብቻ ገልብጬ ተቀመጥኩ። አርባ ዓመት የተቀማሁትን ክፍል በልቤ ይዤ ኖሬያለሁ፤ አልጋዬን የት እንደማቆመው፣ መስኮቱ ላይ ምን ዓይነት መጋረጃ እንደማደርግ ሳይቀር። እሷ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ፣ አባቴ ሞቶ እንኳ ብቻዋን፣ እዚያ ጣሪያ ሥር ጋደም ብላ ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን ስታዳምጥ ኖራለች። አንድ ቀን እንኳ ለምን ብዬ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር ወይ? አይመስለኝም። አልጠየቅኳትም ግን። የወንድሜ ሚስት የእናቴን ፀጉር በፎጣው ታደርቃለች፤ ሌላ የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። መሐንዲሱ ከኪሱ ያቺን የጠዋቷን ወረቀት ታጥፋ እንዳለች አውጥቶ አያትና መልሶ ከተታት። እናቴ የአባታቸውን ስም እንዳትጽፍ ልጄ አለችው። ቅጹ ላይ የስም ቦታ የለውም እማማ፣ አይጨነቁ አላት።

ማሙሽ ተንበርክኮ በጀርባው አዘላትና ወደ ፎቅ ወጣ። ወገቡን አላመመውም። ሻምበልና እኔ አልጋውን ፈታን፣ ቁምሳጥኑን በሁለት ዙር አወጣን፣ ታንከሩን ወደ ጓሮው አፈሰስነው። ከሌላ ሥራ ቦታ ስድስት ብረት ፑንቴሎ ተጭኖ መጣ፤ ጣሪያውን ከምሰሶው ግራና ቀኝ ደግፈን አጠበቅናቸው፣ መሐንዲሱ እያንዳንዱን በእጁ ነካክቶ ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሻምበልም ልብሱን ቀየረ። ነገ በጠዋት፣ ትእዛዝ ነው ብሎኝ ወጣ። እኔ ቀረሁ። ቤቴ የሚጠብቀኝ ሰው የለም፤ ልስኑን ልጨርሰው ብዬ መሮዬን አነሳሁ። ባዶ ክፍል እንዴት ትንሽ ነው። አልጋው የነበረበት ግድግዳ ላይ የራሷ ቅባት ክብ ሠርቶ ቀርቷል፤ ከእሱ ሌላ የኖረችበት ምልክት የለም።

ማሙሽ መጣ። ሱቁን በጊዜ ዘግቷል፣ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ሰብስቧል። ፑንቴሎዎቹን አንድ በአንድ አየ፣ አንዱን በጣቱ ቆረቆረው።

«እትዬ፣ ጠዋት ደረጃው ሥር ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

ሌላ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ይቅርታ ቢለኝ ምን እንደምመልስለት አላውቅም ነበርና ባለማለቱ ትንሽ ቀለለኝ። እጁን ዘረጋ። መዶሻውን ሰጠሁት። መሮውን እንዴት እንደሚይዝ፣ ከራሱ ወደ ውጭ እንዲያጋድለው፣ ጣቱን ከየት እንዲያርቅ አሳየሁት። የመጀመሪያውን ሳተ፣ ሁለተኛውን አውራ ጣቱን መታ፣ ድምፅ አላሰማም። ሦስተኛው ላይ ትልቅ ቁራጭ ልስን ረገፈ። ደስ አለው መሰለኝ፣ ቶሎ ቶሎ መምታት ጀመረ። እሱ ከላይ እኔ ከታች፣ ሁለታችንም ነጭ ሆንን። በአርባ ዓመት ውስጥ ከእሱ ጋር አንድ ሥራ ስሠራ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጠላው የነበረበት ቀን ነው፤ እኔ ግን ክንዱ ቶሎ እንደሚዝል እያሰብኩ ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ሚስቱን ነው፤ እማማ፣ ኧረ ይወድቃሉ፣ ኧረ እንደግፍዎ ትላለች ከደረጃው። ከዚያ ግድግዳውን የሚታከክ ነገር ሰማሁ። መዶሻውን ያዝ አድርግ አልኩት። እናቴ በሩ ላይ ደረሰች። ደረጃውን ተቀምጣ፣ አንድ በአንድ፣ በመቀመጫዋ ወርዳው ኖሯል፤ የቀሚሷ ኋላ አቧራ ብቻ ነው። ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ የለም። ትንፋሿ እስኪመለስ መቃኑን ይዛ ቆመች፤ ፑንቴሎዎቹን አላየቻቸውም፣ የምታየው ማሙሽን ነው፤ ከምሰሶው ሥር፣ መዶሻ ይዞ፣ ፀጉሩ ላይ ልስን ሰፍሮበት።

«ውጣ» አለችው።

«እማዬ፣ ተደግፏል እኮ። እይው፣ ብረት ነው።»

«ውጣ ብያለሁ።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። ማሙሽ እኔን አየኝ። የሚይዘው ብረት እንደሆነ፣ ስድስት መሆናቸውን፣ ከእነሱ አንዱ ብቻ እንኳ ያንን ጣሪያ እንደሚችል ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እሱ መዶሻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ በብረቶቹ መሐል ጎንበስ ብሎ አለፈና በአጠገቧ ወጣ። ሲያልፍ ትከሻውን ነካ አደረገችው። እኔ መሮውን ይዤ እንደቆምኩ ነኝ። እሱ ከወጣ በቃ ትሄዳለች ብዬ ነበር። መቃኑን አልለቀቀችም። ዓይኗን አንስታ ወደ ውስጥ፣ ወደ እኔ አየች።

«አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።